ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ ቆጣሪ፦ ከዘጠኝ ወር አገልግሎት በኋላ

ይህችን ቆጣሪ የገዛኋት ከዘጠኝ ወር በፊት ነው። በግድግዳው ሶኬትና በዕቃው ገመድ መካከል ትሰካና ዕቃው በዚያች ቅጽበት የሚወስደውን ኃይል በዋት፣ ከተሰካችበት ጊዜ ጀምሮ የበላውን ደግሞ በኪሎዋት ሰዓት ታሳያለች። ሌላ ሥራ የላትም። ስለ እርሷ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ሰኞ ጠዋት ያነበብኩት ቁጥር ነው።

የቢሯችንን የኤሌክትሪክ ፍጆታ የመቀነስ ኃላፊነት ሲሰጠኝ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኮምፒውተሮቹንና ሌዘር ፕሪንተሩን ነበር። በየተራ ለካኋቸው፤ ሥራ ሲፈቱ የሚወስዱት ጥቂት ዋት ብቻ ሆኖ ስላገኘሁት አለፍኳቸው። የቀረው በመተላለፊያው ጥግ የቆመው የውሃ ዲስፔንሰር ነው። ሁላችንም የምናስበው ውሃ እንደሚሰጥ እንጂ ኤሌክትሪክ እንደሚበላ ስላልነበረ፣ ማታ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ መብራቱን ፈትሾ የሚወጣ ሰው ሁሉ አጠገቡ እያለፈ ይሄድ ነበር።

አርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የቆጣሪዋን ቁጥር ወደ ዜሮ መልሼ ዲስፔንሰሩን ሰካሁባትና ቢሮው ተዘጋ። ሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከማሽኑ ጀርባ ጎንበስ ብዬ ሳነብ 4.02 ኪሎዋት ሰዓት ይላል። በእነዚያ 61 ሰዓታት አንድ ብርጭቆ ውሃ የቀዳ ሰው አልነበረም። እዚያው እንደቆምኩ ከውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማና ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ወደ 500 ዋት ወጣ፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆይቶ ወደቀ። ማሽኑ ቅዳሜና እሁድን ያሳለፈው ይህንኑ እየደጋገመ፣ ማንም የማይጠጣውን ውሃ በአንድ በኩል እያሞቀ በሌላ በኩል እያቀዘቀዘ ነው።

ታይመር ገዝተን ማታ ማታ እንዲጠፋ እናድርግ ስል ከባልደረቦቼ የገጠመኝ ተቃውሞ አንድ ነበር፦ «ጠዋት እንደ አዲስ ሲያሞቅ ሌሊት የተቆጠበውን መልሶ ይበላዋል።» ብዙ ሰው ይህን ስለሚያምን በጥሞና ልመልሰው እፈልጋለሁ። ዕቃ ወደ አካባቢው የሚያጣው ሙቀት መጠን የሚወሰነው በእርሱና በአካባቢው አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ 90 ዲግሪ ላይ የሚጠበቅ ውሃ ሌሊቱን ሙሉ በከፍተኛ መጠን ሙቀት ሲያጣ፣ የጠፋው ማሽን ውሃ ግን በቀዘቀዘ ቁጥር የሚያጣው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጠዋት የሚተካለትም ያንኑ ያጣውን ያህል ብቻ ነው። ሁለት ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ለማድረስ የሚያስፈልገው 0.16 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በእኛ ማሽን ቀዝቃዛውን ክፍል ጨምሮ የጠዋቱ ማስነሻ 0.24 ሆኖ ተነበበ፤ 13 ሰዓት ሙሉ ሲሰራ ያደረ እንደሆነ ግን 0.86 ይበላል። የአራቱ የሥራ ቀን ሌሊቶችና የሳምንቱ መጨረሻ ሲደመሩ ቁጠባው በሳምንት 6.26፣ በዓመት 325 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል።

ይህን ይዤ በሐሳቤ የምከራከረው ከአንድ ሻጭ ጋር ነው። ደህና የሚሠሩትን ኤልኢዲ መብራቶቻችንን ነቅለን እንቅስቃሴ በሚያውቁ አዳዲስ መብራቶች እንድንተካቸው ሲያግባባን ስለ ቆጣሪዋ ጠየቅሁት፤ «እርሷ በራሷ አንድ ዋት አትቆጥብም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አትቆጥብም። ነገር ግን አንዱ መብራታችን 18 ዋት ነው፤ በሳምንት 50 ሰዓት ቢበራ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ዲስፔንሰሩ በከንቱ ይወስደው የነበረውን ለማካካስ ሰባት መብራቶችን ሳምንቱን ሙሉ አጥፍተን በጨለማ መቀመጥ ነበረብን። ሳንለካ ብንሰማው ኖሮ የማይፈሰውን ቧንቧ እንደ መጠገን ይሆንብን ነበር።

እንከን የላትም አልልም። ማሳያዋ የራሱ ብርሃን ስለሌለው ከዕቃ ጀርባ ሲሆን በእጅ ባትሪ ካልሆነ አይነበብም፤ ከሁለት ዋት በታች የምትሰጠው ቁጥርም አያስተማምንም፤ ከጣሪያው ጋር በቀጥታ የተገናኘውን መብራት ደግሞ ልትለካው አትችልም። ታይመር ለምትገዙ ሁሉ የምለው፣ የሚሸከመው ዋት ከዕቃው ዋት መብለጡን አረጋግጡ፤ ሜካኒካሉ ዓይነት መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚቀር በየጊዜው ማስተካከል ያስፈልገዋል።

ግዢው አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ መዘግየቴ ነው፤ ዲስፔንሰሩ ቆጣሪዋ ከመምጣቷ በፊት በዚያ ጥግ ሦስት ዓመት ቆሟል፣ ማታ ማታም አልጠፋም። አሁን ቆጣሪዋ የምትገኘው ከምሳ ክፍሉ ማቀዝቀዣ ጀርባ ነው፤ የፊታችን ሰኞ ጠዋት አነባታለሁ።