የቫልቭ ሲል ምርጫ፦ ከ11 ወርና ከ14,000 ኪሎ ሜትር በኋላ

ኮሮላዬ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የ1998 ሞዴል ናት። ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ፣ 1,587 ሲሲ፣ ባለ 16 ቫልቭ ነው። በየቀኑ ከሱሉልታ አዲስ አበባ ትመላለሳለች። በአንድ ዓመት ውስጥ ቴስታታዋን፣ ማለትም ቫልቮቹ የሚቀመጡበትን የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ሁለቴ አስወርጃለሁ። ለሁለተኛው ምክንያቱ በቫልቮቹ ግንድ ላይ ተቀምጠው ዘይት ወደ ሲሊንደር እንዳይወርድ የሚያግዱ፣ መዳፍ የማይሞሉ 16 የጎማ ሲሎች ነበሩ፤ ሌላ ሰው ያንን ወጪ እንዳይደግመው ብዬ ነው የምጽፈው።

ምልክቱ ግልጽ ነበር። ጠዋት ስትነሳ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፤ ደቂቃ ሳይሞላ ይጠፋል። የእንጦጦን ቁልቁለት በማርሽ ይዤ ወርጄ አዲሱ ገበያ ጋ ነዳጅ ስረግጥ ደግሞ ከኋላዬ ያለው መኪና እስኪሸፈን ድረስ ታጨሳለች። ዳገት ስትወጣ ግን ንጹሕ ነች። ይህን ልዩነት ልብ በሉ። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ያለቀበት ሞተር የሚያጨሰው በአብዛኛው ጭነት ሲበዛበት ነው። ቁልቁለት ላይ እግር ከነዳጅ ሲነሳ አየር የሚገባበት በር ይዘጋል፣ ሞተሩ ግን በፍጥነት መዞሩን ይቀጥላል። በማኒፎልዱ፣ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያደርሰው ቱቦ፣ ውስጥ የሚፈጠረው ኃይለኛ ስበት በአስገቢ ቫልቮቹ ግንድ ዙሪያ ዘይቱን ይመጠዋል። የጠዋቱ ጭስ ደግሞ ሌሊት በጋይዱ፣ የቫልቩ ግንድ በሚመላለስበት ቀጭን ቱቦ፣ በኩል ጠብ ጠብ ሲል ያደረ ዘይት ነው።

በመጀመሪያው እድሳት ፋሻ ተቀየረ፣ ቫልቭ ተፈጨ፣ ሲሉም ከሙሉው ጓርኒሲዮን (የሞተር ማሸጊያ) ጋር በአንድ ካርቶን የመጣው ገባ። «ልኩ ነው» ተባልኩ፤ ከምን እንደተሠራ አልጠየቅሁም። ስድስት ወር ሳይሞላው ጭሱ ተመለሰ። ቴስታታው ሲወርድ አንዱን ሲል በሁለት ጣቴ ጨመቅ ባደርገው እንደ ደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ዋናው ጉዳይ የጎማው ዓይነት ነው። ተራው ናይትራይል ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ ሲያልፍ እየደረቀ ይሄዳል። ፖሊአክሪሌት 150 ግድም ይችላል። ፍሎሮ ጎማ፣ ብዙዎቻችን ቫይተን በሚለው የንግድ ስሙ የምናውቀው፣ 200 ዲግሪን ይቋቋማል። በተለይ በአስወጪ ቫልቮቹ በኩል ሙቀቱ ስለሚበረታ እኔ ፍሎሮ ጎማውን መረጥኩ፤ ዋጋው የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ግድም ሆኖብኛል። ቴፍሎንም አለ፤ ግን ዘይቱን በጣም አጥብቆ ይጠርጋል። ጋይዱ ራሱ እንዳይበላ ጥቂት ዘይት ይፈልጋልና ለዕለት ተዕለት መኪና አልመርጠውም።

ሲሉን ይዤ ቶርኖ ቤት ስሄድ እዚያ የሚሠሩት አዛውንት ዕቃውን ከማየታቸው በፊት «ጋይዱን ለካኸው ወይ?» አሉኝ። «አልለካሁትም ጋሼ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ቫልቩ በጋይዱ ውስጥ ከተወዛወዘ የወርቅ ሲል ብታስገባም አይዝልህም።» በዚህ ሞተር በግንዱና በጋይዱ መካከል ያለው የአስገቢው ክፍተት ከ0.025 እስከ 0.060 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ0.08 ማለፍ የለበትም። አስወጪው ከ0.030 እስከ 0.065 ሲሆን ወሰኑ 0.10 ነው። ሲለኩት ሦስቱ አስገቢዎች ወሰኑን አልፈዋል። እነሱ ተቀይረው በልክ ተሞረዱ። በመጀመሪያው ጊዜ ይህ ሥራ ጨርሶ አልተሠራም ነበር፤ ገንዘቤ ባክኖ የቀረው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አገጣጠሙ ላይ ቆሜ አየሁ። የአስገቢና የአስወጪ ሲል በቀለም ይለያያል፤ ስምንት ስምንቱን ለየብቻ ጨርቅ ላይ ደረደርናቸው። ከሞላው ሥር የምትቀመጠው ሮንዴላ ከሲሉ በፊት መግባት አለባት፤ ከተረሳች ሲሉን አውጥቶ መጣል ነው። ግንዱ በዘይት ይታጠባል፤ ጫፉ ላይ ያለው፣ ሞላውን ከቫልቩ ጋር የሚይዘው ሎክ የሚገባበት ጎድጓዳ ስለታም ስለሆነ ቫልቩ ሲገባ በቀጭን ፕላስቲክ ይሸፈናል። አንዱ ላይ ፕላስቲኩ ተንሸራቶ የሲሉ ከንፈር የፀጉር ያህል ጭረት አወጣ። መካኒኩ «ምንም አይል» ቢለኝም እንዲቀየር ለመንኩት። በፓኮው ውስጥ ያሉት 16 ብቻ ናቸው፤ በነጠላም አይሸጥም። ለአንድ ሲል ብዬ ሌላ ሙሉ ፓኮ ገዛሁ። በዚህ ዕቃ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይኸው ነው፤ አምራቹ አንድ ሁለት ትርፍ ቢጨምርበት ምን ነበረበት?

አሁን 11 ወር ሆነው። ቀድሞ በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ዘይት እጨምር ነበር። አሁን ከቅያሪ እስከ ቅያሪ፣ ማለትም በ5,000 ኪሎ ሜትር፣ መለኪያው ዘንግ ላይ ከላይኛው ምልክት ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ የምጨምረው የለም። በስምንተኛው ወር ለሁለት ሳምንት ቆማ ስትነሳ አንድ ጊዜ ሳሳ ያለ ጭስ አይቻለሁ፤ አልደገመም። ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ፤ ወንድሜ በራሱ መኪና ከኋላዬ ነበር። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ዳገቱን ስንጀምር ደወለልኝ፦ «ኧረ ምንም የለም!»

ባለፈው ሳምንት ካንዴላዎቹን አወጣኋቸው። የሁለተኛው ሲሊንደር ቀድሞ በዘይት ጥቀርሻ ይደፈን ነበር። አሁን አራቱም ደረቅና ፈዘዝ ያለ ቡናማ ናቸው።