የሮድ ራነሬን ድምፅ ለመለሰልኝ መካኒክ

ይህን የምጽፈው አንድ ልጅ ለማመስገን ነው። ስሙንና ስልኩን እንዳላወጣ ለምኖኛል፤ ቃሌን እጠብቃለሁ። ዝም ብዬ ማለፍ ግን አልቻልኩም። ዲትሮይትና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ጋራዣችሁ ውስጥ አሮጌ መኪና ሸራ አልብሳችሁ ያስቀመጣችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1968 የተሠራች ፕሊመዝ ሮድ ራነር ናት። ሞተሯ 383 ኪዩቢክ ኢንች ነው፣ 6.3 ሊትር ገደማ። ጉልበቷ 335 ፈረስ። ፕሊመዝ ይህችን መኪና ያሰበው ኪሱ ሳሳ ላለ ወጣት ነው። ትልቅ ሞተር ሰጥቶ ሌላውን ጌጥ ሁሉ ቀነሰ። ክላክሷ ብቻ ልዩ ነው፤ ስሟን የወሰደችበት የካርቱን ወፍ እንደሚጮኸው "ቢፕ ቢፕ" ይላል።

ዲትሮይት የገባሁት በ1971 ነው፣ ዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልማር። ማታ ማታ መሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራ ነበር። ሰው ቁልፉን ሰጥቶኝ ይሄዳል፣ እኔ መኪናውን ወደ ላይኛው ፎቅ እወስዳለሁ። ጂቲኦ፣ ማስታንግ፣ ቻሌንጀር፣ ያላለፈ በእጄ የለም። መኪና በድምፁ መለየት የጀመርኩት እዚያ ነው።

ዓርብና ቅዳሜ ማታ ደግሞ ዉድዋርድ ነበር። ዉድዋርድ ከወንዙ ዳር ተነስቶ መሃል ዲትሮይትን አቋርጦ እስከ ፖንቲያክ ከተማ የሚዘልቅ ጎዳና ነው። ዕድሜውን ለማወቅ ያህል፣ በስድስት ማይልና በሰባት ማይል መንገዶች መሃል ያለው ክፍሉ በኮንክሪት የተነጠፈው በ1909 ነው። ስምንት ማይል የሚባለውን፣ የከተማዋ ወሰን የሆነውን መንገድ ተሻግረው ወደ ሰሜን ሲወጡ ዉድዋርድ ይሰፋል፤ መሃሉ ሣር፣ ግራና ቀኙ ሰፊ አስፋልት፣ በየርቀቱ የትራፊክ መብራት። በሣሩ መሃል ባለው መታጠፊያ ዞሮ መመለስ ቀላል ነው። ስለዚህ ወጣቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ያድር ነበር።

ውድድሩ ብዙ ወሬ አልነበረውም። ሁለት መኪኖች ቀይ መብራት ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንዱ ነዳጅ ረገጥ አድርጎ ይለቃል። ሌላው ይመልስለታል። በቃ፣ ተስማሙ ማለት ነው። አረንጓዴ ሲበራ ጎማ ያለቅሳል፣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል፣ ደረትህ ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀጠቀጣል። እስከሚቀጥለው መብራት ድረስ ሁሉም ነገር ያበቃል። ከዚያ ሁለቱም ምንም እንዳልሆነ ሰው ቀስ ብለው ወደ ቢግ ቦይ ገብተው ሃምበርገር ያዛሉ።

ዉድዋርድን ከሌላው ከተማ ጎዳና የሚለየው መኪናዎቹን የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው እዚያው መሆናቸው ነው። ቀን ፋብሪካ ውስጥ ሞተር የሚገጥም ሰው ማታ ከጎንህ ይቆማል። ጂሚ አዲሰን የሚባል ሰው ዉድዋርድ ላይ በነበረ ነዳጅ ማደያ ይሠራ ነበር። "ሲልቨር ቡሌት" የምትባል የ1967 ፕሊመዝ ጂቲኤክስ ነበረችው። የፕሊመዝ ባለቤት የክራይስለር መሐንዲሶች መለዋወጫ በጓሮ በር ያቀብሉት እንደነበር ዛሬ በይፋ ይነገራል።

እኔ ግን ልቤን የሚነካው የጎድፍሬይ ኳልስ ታሪክ ነው። ጥቁር ሰው፣ የዲትሮይት ፖሊስ ነበር። የ1970 ዶጅ ቻሌንጀር ገዛ፣ 426 ሄሚ የሚባል ኃይለኛ ሞተር ያለው፣ ጥቁር፣ ከኋላው ነጭ ቀበቶ የተሳለበት። ማታ ብቅ ይላል፣ ያሸንፋል፣ ይጠፋል። ለወራት አይታይም። "ጥቁሩ መንፈስ" ያሉት ለዚህ ነው። ማንነቱ በሰፊው የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ2015 ሲሞት መኪናው ለልጁ ቀረ። በ2020 በአሜሪካ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ብሔራዊ መዝገብ ገባ፣ በ2023 በጨረታ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ያን ጊዜ እኛ ጥቁሮች ስምንት ማይልን ተሻግረን ወደ ሰሜን ስንወጣ ፖሊስ ቶሎ ያስቆመን ነበር። እዚያ መንገድ ላይ ሁሉንም የሚያሸንፈው ራሱ ጥቁር ፖሊስ መሆኑን ሳውቅ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እኔ የራሴን የገዛሁት በ1974 ነው፣ በዘጠኝ መቶ ዶላር። በ1973 መገባደጃ ዓረቦቹ ነዳጅ ከለከሉ፣ ቤንዚን ተወደደ፣ ሰልፉ ረዘመ። ኢንሹራንሱም ለወጣት የማይቀመስ ሆኖ ነበር። ሁሉም ትልቁን ሞተር ሸጦ ትንሽ መኪና ሲፈልግ ለእኔ ቢጤ በሩ ተከፈተ። በዚያው በ1974 አገር ቤት አብዮቱ ፈነዳ። ተምሬ እመለሳለሁ ያልኩት ሰውዬ በዚያው ቀረሁ። የእናቴ ደብዳቤ ሲዘገይ የማደርገው አጥቼ ሌሊት ዉድዋርድን እወጣና እወርድ ነበር።

አንድ ሌሊት አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ፊቴ ተጋጭቶ እግሩ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ አልተወዳደርኩም። እሑድ እሑድ ዲትሮይት ድራግዌይ፣ ለውድድር በተሠራው ሩብ ማይል ላይ፣ ልቤ እስኪረካ ረገጥኳት።

ከዚያ ትዳር፣ ልጆች፣ ሥራ። መኪናዋ ሃያ ሁለት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ቆመች። አምና ላስነሳት ፈልጌ ወደ አንድ ትልቅ ጋራዥ ወሰድኳት። ሦስት ወር አስቀመጧት። በመጨረሻ "ካርቡሬተሩን አውጥተን በኮምፒውተር የሚሠራ ዘመናዊ ነገር እንግጠምልህ" አሉኝ፤ ካርቡሬተር ማለት ቤንዚኑን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ክፍል ነው። ለምርመራ ብቻ ስምንት መቶ ዶላር አስከፍለው መለሱልኝ።

ይህን ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስነግር ነው ልጁ የተጠቆመልኝ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። አባቱ አዲስ አበባ ጋራዥ ነበራቸው፤ እሱም በልጅነቱ ቮልስ እየፈታ ነው ያደገው። አገራችን ውስጥ ካርቡሬተር ዓለም ከጣለው በኋላም ብዙ ዓመት አብሮን ኖሯል። እዚህ አገር ወጣት መካኒክ ኮምፒውተሩን ይሰካል፤ እሱ ግን ረጅም ካቻቢቴ አንስቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ "ጋሼ፣ ልቧ ደህና ነው። ጉሮሮዋ ነው የተዘጋው" አለኝ።

እውነቱን ነበር። የዛሬው ቤንዚን ኤታኖል የሚባል አልኮል አለበት። የጥንቱን ላስቲክ ይበላል፣ ሲቆይ ደግሞ ዝቃጭ ይተዋል። ካርቡሬተሩን ፈትቶ እያንዳንዷን ቀጭን ቀዳዳ አጸዳ፣ ጎማ ነክ የሆነውን ሁሉ ኤታኖል በሚችል ቀየረ። ፑንቲናውን (የብልጭታውን ሰዓት የሚወስነውን) አስተካከለ፣ ካንዴላዎቹን (ብልጭታ ሰጪዎቹን) ለወጠ፣ ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) አየ። እነዚህን ቃላት ዲትሮይት ውስጥ በአማርኛ ስሰማ በሃምሳ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ሦስት ቅዳሜ ፈጀበት። የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች በካርቶን አድርጎ መለሰልኝ፣ ሒሳቡን በዝርዝር ጻፈልኝ። ያስከፈለኝ ያኛው ጋራዥ ለምርመራ ከወሰደው ያነሰ ነው።

የተነሳች ዕለት ምን እንደተሰማኝ መጻፍ ይከብደኛል። ያው ድምፅ ነው። መኪና ማቆሚያው ውስጥ የነበረው፣ ቀይ መብራቱ ላይ የነበረው። ባለቤቴ ከኩሽና ወጥታ በር ላይ ቆመች፣ ምንም አልተናገረችም።

ባለፈው ነሐሴ ለዉድዋርድ ድሪም ክሩዝ ይዣት ወጣሁ። በ1995 ከዲትሮይት አጠገብ ባለችው ፈርንዴል ከተማ ለልጆች የእግር ኳስ ሜዳ ገንዘብ ለማሰባሰብ የተጀመረ የአሮጌ መኪኖች ሰልፍ ነው። ዛሬ የፈረንጆቹ ኦገስት ሦስተኛ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጎዳናው በአሮጌ መኪና ይሞላል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ሁሌም ፍልሰታ ላይ ይውላል። ልጁን ከጎኔ አስቀምጬ፣ ሱፍ ፍትፍታችንን በበረዶ ሣጥን ይዘን፣ ከስምንት ማይል እስከ ፖንቲያክ ቀስ ብለን ነዳን። ዳር የተቀመጡ ሽማግሌዎች "አስጩኸው!" ሲሉኝ ክላክሱን የሚነካው እሱ ነበር።

እጅህ ይባረክ፣ ልጄ። አባትህ ያስተማሩህን ሙያ እዚህ ድረስ ተሸክመህ መጥተህ ለእኔ አደረስከው። እናትና አባትህን እግዚአብሔር ያቆይልህ።

የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። በሥራ ቀን ፋብሪካ ስለሚውል የሚቀበለው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። ካርቡሬተር ያለው መኪና ብቻ ነው የሚነካው። ቸኩላችሁ ከሆነ አትሂዱ፤ ሥራው ቀስ ያለ ነው። ስትሄዱ ደግሞ ሞተሩን አሙቃችሁ አትሂዱ፤ በተጎታች ውሰዱት። ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚያሰማውን የመጀመሪያ ድምፅ ራሱ መስማት ይፈልጋል።