አሮጌዋን ላንድክሩዘራችንን ለእርሻ ሥራ እንደ አዲስ ለሠሩልን የአዳማው መካኒክ ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን የምጽፈው አንድ ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግን፣ እግረ መንገዴንም በመኪና ምክንያት ሥራው ለሚስተጓጎልበት ገበሬ ልጠቁም ብዬ ነው። አዳማ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ከወንድ ልጃቸው፣ ከሴት ልጃቸውና ከበያጃቸው ጋር ሆነው ፒካፓችንን ለእርሻ በሚሆን መንገድ ሠርተውልናል። ስማቸው እንዲህ ባለ ቦታ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ ፈቃዳቸውን አክብሬ «አባባ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ እኛም ጋራዡ ውስጥ የምንጠራቸው እንደዚያው ነው። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ፤ ይህንን ፈቅደውልኛል።

እኛ ምንጃር ሸንኮራ፣ ከአረርቲ ወጣ ብሎ ጤፍ፣ ሽንብራና ምስር የምናመርት ቤተሰብ ነን። መሬታችን ጥቁር መረሬ ነው። መረሬን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ጎማ ላይ ተጣብቆ አይለቅም፤ በጋ ደግሞ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሽንብራ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መሬቱ የያዘውን እርጥበት ተማምኖ ነው። ስለዚህ ዘር፣ ናፍጣና ሰው ማሳው ድረስ መድረስ ያለባቸው ጭቃው ገና ሳይጠነክር ነው። በዚያን ሰሞን መኪናችን መንገድ ዳር ቆማ ዘሩ በአህያና በሰው ትከሻ ሲጓጓዝ ኖሯል። ዘር በዘገየ ቁጥር እርጥበቱ ይሸሻል፤ የሽንብራ ጉዳይ ቀን የሚቆጠርበት ነው።

መኪናዋ ከጨረታ የተገዛች ባለ አንድ ጋቢና ላንድክሩዘር ናት፣ ኤችዜድጄ 75 የሚባለው ሞዴል። ሞተሯ ዋን ኤችዜድ ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነች፤ ጭነቱን የሚሸከሙት ተደራርበው የታሰሩ የብረት ቅጠሎች ናቸው። ሞተሯ ጤነኛ ነበር፤ ካሶኒዋ (የኋላ መጫኛዋ) በዝገት ተበልቶ፣ ባሌስትራዋ ተኝቶ፣ ሽቦዋ ተቆራርጦ ነበር እንጂ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ያለችንን አጥብቀን ይዘን በደንብ ማሠራት እንደሚሻል ቤተሰቡ ተስማማ።

አባባ ጋ ስንደርስ ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም። «ልጄ፣ መጀመሪያ ምን እንደምትጭንባት ንገረኝ፤ ስለ መልኳ በኋላ እናወራለን» አሉኝ። ዘረዘርኩላቸው። ማዳበሪያ ባለ 50 ኪሎ 20 ከረጢት፤ እሱ ብቻ 10 ኩንታል ነው። በሌላ ቀን ለትራክተርና ለፓምፕ ባለ 200 ሊትር በርሜል ናፍጣ፤ ናፍጣው ብቻውን ወደ 170 ኪሎ ይመዝናል። የውሃ ፓምፕ ከነቱቦው፣ አንዳንዴ ተሳቢ። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፉ። ከዚያ ጠመኔ አንስተው ሲሚንቶው ወለል ላይ ካሶኒውን በቁሙ ሣሉት፤ የኋላ አክሰሉ የት እንደሚያርፍ አሰመሩና በርሜሉን ከጋቢናው ጀርባ አስጠግተው ክብ አደረጉለት። «ከባዱ ነገር ከአክሰሉ ኋላ ከተቀመጠ የፊት እግሯ ይቀላል፤ ጭቃ ላይ መሪው አይሰማህም» አሉ። እንግዲህ ሥራው የተጀመረው ከዚያ ሥዕል ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነት መኪና ሲያሠራ መጀመሪያ የሚያስበው ከፍ ማድረግን ነው። እኛም ጋ ወንድሞቼ «ከፍ ትበል፣ ሰፋፊ ጎማ ትልበስ» ባዮች ነበሩ። አባባ ይህንን በትዕግሥት አስረዱን። ኩንታል የሚጭነው ሰው ነው፤ ካሶኒው በአንድ ስንዝር ከፍ ባለ ቁጥር ጫኚው ወገብ ላይ ይጨመራል። ጭነቱም ወደ ላይ ይወጣል፤ ከኛ መንደር ወደ ቆላው በሚወርደው ገደላማ መንገድ ላይ ደግሞ የመኪና ሚዛን ቀልድ አይደለም። ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያ፣ ክሮቼራው፣ ከልኩ በላይ ሲጎብጥ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ የተኛውን ባሌስትራ ቀይረው፣ ለጭነቱ የሚበቃ ቅጠል ጨምረው፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ አደረጓት። ጎማም ቢሆን ሰፊውን ትተው ጠባቡን 7.50 በ16 ጥርሰ ሰፊ መረጡልን። ጠባብ ጎማ የላዩን ልስልስ ጭቃ ቆርጦ ጠንካራውን አፈር ይፈልጋል፤ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከልም ቦታ ስለሚተርፍ መረሬው ታጭቆ እግሯን አያስራትም። እኔ ከሥራው ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያየሁት በዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ያከበርኳቸው ሻንሲው ላይ፣ ማለትም መኪናዋን በሚሸከመው የብረት አፅም ላይ ባደረጉት ምርመራ ነው። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ጥገና ተደርጎላት ነበር፤ ከኋላ የባሌስትራው ማንጠልጠያ አጠገብ በብየዳ የተደፈነ ነገር ነበረ፣ ከላዩ ቀለም ተቀብቷል። አባባ ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ አስፈቀፈቁትና ብረቱን ላምባ ቀቡት። ጥቂት ቆይተው በጨርቅ አድርቀው ጠረጉት፤ ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ ነፉበት። ነጩ ጠመኔ ላይ ቀስ እያለ አንዲት ጠቆር ያለች ቀጭን መስመር ወጣች። ስንጥቁ የጠጣውን ላምባ መልሶ ሲተፋው ነው። እጄን ይዘው አስነኩኝ። በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ከነማዳበሪያው ልትጥለን እንደምትችል የገባኝ ያኔ ነው። ያንን ክፍል ስንጥቁ ካለቀበት አልፈው ከፈቱት፣ በትክክል በየዱት፣ ከላዩ በቡሎን የታሰረ ማጠናከሪያ አደረጉለት። በያጁ ሥራውን ሲጨርስ ላምባውንና ጠመኔውን ደግመው አሳዩኝ፤ መስመሯ የለችም።

ካሶኒው ሙሉ በሙሉ አዲስ ነው። ከቱቦላሬና ከላሜራ የተሠራ ጠፍጣፋ ሆኖ ሦስቱም ጎኑ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከየትም በኩል መጫንና ማራገፍ ይቻላል። ሻንሲው ላይ በብየዳ አልተለጠፈም። በመካከል ጎማ ገብቶ በቡሎን ነው የታሰረው፤ ከጋቢናው በኩል ያሉት ቡሎኖች ሞላ አላቸው። ምክንያቱን ስጠይቅ አባባ አንዱን የፊት እግር በክሪክ አነሱና ሻንሲው እንዴት እንደሚጠመዘዝ አሳዩኝ። ካሶኒው ድርቅ ብሎ ከታሰረ ያ መጠምዘዝ መውጫ ያጣና ሻንሲውን ይሰነጥቀዋል። የበርሜሉ ማሰሪያ፣ የተሳቢው ጋንቾ፣ የአካፋና የገመድ ማስቀመጫ ሁሉም በቦታው ነው። ብረቱ ከመቀባቱ በፊት ሁለት እጅ አንቲረስት ተቀብቷል፤ የማይታየው የውስጡ ክፍል ሳይቀር።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ወንዝ ለሚሻገር ሰው ሁሉ ይጠቅማል። ዲፈረንሻል፣ ማለትም በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ባለ ጥርስ ሳጥን፣ ስትነዱ ይሞቃል። የሞቀው ዲፈረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ከውጭ ይስባል፤ የሚስበው ደግሞ ውሃ ነው። ዘይቱ ነጥቶ ወተት የሚመስለው ለዚህ ነው። የአባባ ልጅ ከሁለቱም ዲፈረንሻሎች ከመተንፈሻው ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ስቦ እስከ ሞተሩ ክፍል ላይ ድረስ አወጣው። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የአየር መሳቢያውንም በጋቢናው ቁመት ከፍ አድርገውታል፤ እሱ ከውሃ ይልቅ በውቂያ ሰሞን ለሚነሳው አቧራና ገለባ ነው የጠቀመን፤ ፊልትሮው እንደ ድሮው ቶሎ አይታፈንም።

የኤሌክትሪኩን ሥራ የሠራችው ሴት ልጃቸው ናት። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ! የተቆራረጠውን ሽቦ አውጥታ ጥላ አዲስ ዘረጋች፤ እያንዳንዱን መስመር በፊውዝና በሪሌ ለየችው፤ አይጥ እንዳይበላው ቱቦ ውስጥ አስገባችው። ጎተራ አጠገብ ለሚያድር መኪና ይህ ቅንጦት አይደለም። ከኋላ ሁለት የሥራ መብራት፣ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያም አለ። የሽቦውን አቀማመጥ በእጇ ስላ፣ በፕላስቲክ አሽጋ ኮፈኑ ውስጥ ለጥፋልናለች። ነገ ሌላ ባለሙያ ቢነካው ግራ አይገባውም።

መኪናዋን በገመድ ከጭቃ የሚጎትተውን ዊንች አላስገቡልንም። ሊሸጡልን ይችሉ ነበር፤ ገንዘቡንም ይዘን ነበር። «መረሬ ሜዳ መሃል ስትሰምጥ ገመዱን የምታስርበት ዛፍ የት አለ?» ብለው ያን ገንዘብ የኋላ ዲፈረንሻል ሎክ ላይ እንድናውለው መከሩን። ሎኩን አስፈልገው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አመጡ፤ ሲመጣ ፈትተው ጥርሱን እኔ ፊት አይተው ነው የተቀበሉት። አንዱ ጎማ ብቻውን ሲሽከረከር ሌላው የሚቆምበት ነገር አሁን ቀርቷል። የሚያሰጋ ቦታ ስንደርስ ሎኩን እናስገባለን፣ ጠንካራ መንገድ ላይ ስንወጣ እናወጣዋለን።

ስለ ገንዘብና ጊዜም በግልጽ ልናገር። ዋጋውን በጽሑፍ ነው የሰጡን፤ የዕቃው ለብቻ፣ የእጅ ለብቻ። የሻንሲው ስንጥቅ ሲገኝ የሚጨምረውን ሳይጀምሩ ደውለው አስፈቀዱን። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በሙሉ በጆንያ አስረው መለሱልን። ርካሽ አይደሉም፤ ፈጣንም አይደሉም። «ነገ ትወጣለች» የሚባል ነገር እሳቸው ጋ የለም፤ ባሌስትራው ከጭነት ጋር እስኪፈተሽ መኪናዋን አላስረከቡንም። ለጥድፊያ ሥራ ሌላ ቦታ መሄድ ይሻላል። ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር የሚጋጭ ነገርም አይሠሩም፤ ካሶኒውን ከመንካታቸው በፊት ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቀን እንድንመጣ ነው ያደረጉን። በዚህ የተነሳ ዓመታዊ ምርመራውን ያለ ጭቅጭቅ አልፈን ቦሎአችንን ወስደናል።

ባለፈው የሽንብራ ዘር ዘሩም ናፍጣውም ማሳው ድረስ በመኪና ገባ። የጎረቤቶቻችንንም ዘር አድርሰናል። እናቴ ማሳው ዳር ቆማ መኪናዋ ጭቃውን እየቀደደች ስትመጣ አይታ አባባን ስማቸውን ሳታውቅ መረቀቻቸው።

አባባ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ለልጆችዎና ለበያጁም እግዜር ይስጥልን፤ ምንጃር ቤት አላችሁ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ሊብሬውን፣ የምትጭኑትን ዝርዝር ከነክብደቱ፣ ከተቻለም የመንገዳችሁን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ለክረምት የሚደርስ ሥራ ከሆነ ከፋሲካ በፊት ወረፋ ያዙ፤ ግንቦት ከገባ ግቢያቸው በትራክተርና በመውቂያ ይሞላል፣ እሳቸውም የጀመሩትን ሳይጨርሱ ሌላ አይቀበሉም።