ሞተር ወይስ መኪና? ለመሀል አዲስ አበባ አየር የሚሻለው

ሞተር ሳይክል ትንሽ ነው፣ ነዳጅም ብዙ አይበላም፤ ስለዚህ አየር አይበክልም። ብዙ ሰው የሚለው ይህንን ነው። ግማሹ እውነት ነው።

መጀመሪያ እውነት የሆነውን እንይ። ባለ 100 ወይም ባለ 125 ሲሲ ሞተር ለ100 ኪሎ ሜትር 2.5 ሊትር ቤንዚን ቢበዛ ነው። ቪትዝ በመሀል ከተማ መጨናነቅ 7 ሊትር አካባቢ ትፈልጋለች። ያረጀ ኮሮላ 10 ሊትርም ሊደርስ ይችላል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በቀን 20 ኪሎ ሜትር ብትነዱ ሞተሩ ከ1 ኪሎ ትንሽ በለጥ ያለ፣ ቪትዟ ከ3 ኪሎ በላይ፣ ኮሮላው 4.6 ኪሎ ይለቃል ማለት ነው።

ግን ቪትዟ ውስጥ አራት ሰው ከተቀመጠ ነገሩ ይገለበጣል። ለአንድ ሰው የሚደርሰው 800 ግራም አካባቢ ብቻ ነው፤ ብቻውን ሞተር ከሚነዳው ያነሰ። ጠዋት ልጆቹን አራት ኪሎ፣ ሚስቱን ካዛንቺስ አድርሶ ሥራ የሚገባ አባወራ በዚህ በኩል የሚወቀስበት ነገር የለም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዓለምን ያሞቃል እንጂ መስቀል አደባባይ መብራት ጠብቆ የሚሻገረውን ሰው ጉሮሮ አይከረክርም። ጉሮሮ የሚከረክረውና ራስ የሚያሳምመው ሌላ ነው፦ ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድ፣ ጥቀርሻ። እዚህ ላይ ጤነኛ የቤንዚን መኪና ርካሽ ሞተርን በንጽሕና ይበልጠዋል። አዎ፣ ነዳጅ በሦስት እጥፍ እየበላም።

አንዱ ምክንያት ካታሊስት፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ላይ የሚገጠመው የጭስ ማጽጃ ነው። የሚሠራ ካታሊስት ከእነዚህ መርዛማ ጋዞች አብዛኛውን ከጭስ ማውጫው ሳይወጣ ያስቀረዋል። ብዙ ርካሽ ሞተሮች ይህ የላቸውም። ሁለተኛው ምክንያት የከተማችን ከፍታ ነው፤ ሻጮች ሲያነሱት አይሰማም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። ኢንጀክሽን (በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ) ያለው መኪና ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር ስላለው ነዳጁን ራሱ ይመጥናል። በብዙ ርካሽ ሞተሮች ላይ ያለው ነዳጅና አየር ቀላቃይ፣ ካርቡራተር፣ ግን ደጋ ይሁን ቆላ አያውቅም። ለዝቅተኛ ቦታ እንደተስተካከለ ከመጣ ለስሱ አየር ያንኑ ያህል ነዳጅ ያፈሳል፤ ትርፉ በደንብ ሳይቃጠል በማርሚታው ይወጣል። ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት፣ ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሞተር ከለገሃር ወደ ፒያሳ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ሲወጣ ከኋላው የነዳ ሰው ሽታውን አይረሳውም። ጥሩ መካኒክ ካርቡራተሩን ለከፍታው ሊያስተካክለው ይችላል። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ካገኛችሁ ግን እሱን ውሰዱ። ዘይት ከቤንዚን ጋር ቀላቅሎ የሚያቃጥለውን ቱ ስትሮክ በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

መኪናውም "ጤነኛ" ስላልኩት ብቻ ጤነኛ አይሆንም። ያገለገለ ስትገዙ ከሥር ገብታችሁ እዩ። ካታሊስቱ ተቆርጦ በቦታው ባዶ ቱቦ ከተበየደ ይህ ሁሉ ጥቅም የለም፤ መኪናው የሞተሩንም የመኪናውንም ጥፋት አንድ ላይ ይዟል። ቦሎ መለጠፉ ብቻ አያሳምናችሁ።

ኤሌክትሪክ ሲመጣ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ጥያቄው ወደዚህ እየዞረ ነው። ከአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውኃ ስለሆነ፣ ድንጋይ ከሰል እያቃጠሉ መኪና ቻርጅ ከሚያደርጉ አገሮች ጋር አንወዳደርም። ጭሱ ጨርሶ ይቀራል። ልዩነቱ መጠን ላይ ነው፦ ኤሌክትሪክ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ሲፈልግ፣ ሞተሩ 3 ወይም 4 ይበቃዋል። የመኪናው ባትሪ ብቻ ብዙ መቶ ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ያንን ለማምረት የሚወጣው ማዕድንና ኃይል ቀላል አይደለም። መኪናው በከበደ ቁጥር ጎማውንም በቶሎ ይፈጫል፣ ብናኙን ደግሞ እኛው እንተነፍሰዋለን።

እንግዲህ ብቻችሁን ሜክሲኮና ስታዲየም የምትመላለሱ ከሆነ የእኔ ምርጫ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖርም ችግር የለም፣ ይዞት ይወጣል። ሊቲየም መሆኑን ጠይቁ። ርካሾቹ በእርሳስ ባትሪ ይሠራሉ፤ እሱ በቶሎ ይደክማል፣ በአግባቡ ካልተወገደ ደግሞ እርሳሱ አፈር ውስጥ ይገባል። ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ አንድ ኤሌክትሪክ መኪና፣ አቅም ካልፈቀደ ካታሊስቱ ያልተነካ ቪትዝ።

አንድ ነገር ግን ከጭሱም ይቀድማል። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር መንዳት ፈቃድ ይጠይቃል፤ አሠራሩም ሊቀያየር ስለሚችል ከመክፈላችሁ በፊት ለግል መጠቀም የሚፈቀድበትን ሁኔታ ከሚመለከተው ቢሮ ጠይቁ። ሻጩ "ታርጋውን በኋላ እናስጨርሳለን" ካላችሁ ብሩን ከኪሳችሁ አታውጡ።