ጣቱን ክርኔ ስር ላስቀመጠው ልጅ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ሰላም ደሴዎች፣ ሰላም ኮምቦልቻዎች፣ እንደምን ከረማችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስናማርር ነው፤ መብራት ጠፋ፣ ባጃጁ ዋጋ ጨመረ፣ እገሌ ቀብድ ተቀብሎ ጠፋ። እኔም አማርሬ አውቃለሁ። ዛሬ ግን የማመሰግነው ሰው አለኝ፤ ደሴ ውስጥ ያለ አንድ የጂም አሰልጣኝ። ስሙን አልጽፍም። ስጠይቀው «ጋሼ፣ ስሜን ይተዉት፤ የፈለገ መጥቶ ብረቱን ይሞክር» ነው ያለኝ። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

እኔ 46 ዓመቴ ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት በሐረጎ ጠመዝማዛ በሚኒባስ እወርዳለሁ፣ ማታ በዚያው እወጣለሁ፣ በመሃል ያለውን ሰዓት ወንበር ላይ ነኝ። ወገቤ ማጉረምረም የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ኬትልቤልን ያወቅሁት ደግሞ እንደ ብዙዎቻችሁ ከስልክ ነው፤ አንድ ሽበታም ሰውዬ ሁለት ብረት ደረቱ ላይ አስተኝቶ፣ እያነሳ እየመለሰ፣ ሳይቸኩል አስር ደቂቃ ሲቆይ አየሁና ቀናሁ።

ለማታውቁት፣ ኬትልቤል ማለት እጀታው ከላይ የሆነ ክብ ብረት ነው፤ አፍ የሌለው ማንቆርቆሪያ በሉት። ስፖርቱ የመጣው ከሩሲያ ነው። እዚያ ድሮ እህል የሚመዝኑበት ፑድ የሚባል መለኪያ ነበራቸው፣ 16 ኪሎ ከ380 ግራም ገደማ። ዛሬ ወንዶች የሚወዳደሩባቸው 16፣ 24 እና 32 ኪሎ ከዚያ የወረዱ ናቸው፤ አንድ ፑድ፣ አንድ ተኩል፣ ሁለት። የሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሊፔትስክ በምትባል ከተማ በፈረንጆቹ 1985 ተደርጓል። ሕጉ አጭር ነው። ሰዓቱ 10 ደቂቃ ነው፤ ብረቱን መሬት ካስቀመጥክ ጨዋታው አለቀ። ስናች በሚባለው፣ ማለትም ብረቱን ከእግር መሃል ወንጭፈህ በአንድ ትንፋሽ ከራስህ በላይ በምታደርስበት፣ እጅ የምትቀይረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዳኛው የሚቆጥርልህም ክንድህና ጉልበትህ ቀጥ ብለው ብረቱ ከራስህ በላይ ጸጥ ሲል ነው። እንግዲህ ጉልበተኛ ሁለት ደቂቃ ይቆያል፤ አስሩን የሚጨርሰው ብረቱን እንደያዘ ማረፍ የሚችል ነው።

ይህን የሚነግረኝ ሳላገኝ መጀመሪያ የገባሁበት ቤት (የት እንደሆነ ይቅር) 24 ኪሎ አስጨብጠው ሙዚቃ ከፈቱልኝ። «ጀግና! ጨምር!» ነው ትምህርቱ። በሦስተኛው ሳምንት ወገቤ ተያዘ። ሁለት ቀን ጫማዬን ያሰረችልኝ ሚስቴ ናት። የከፈልኩትን የሚመልስም አልነበረም፤ ይሁን።

ልጁን ያገናኘኝ የእህቴ ልጅ ነው። «ልጁ» የምለው ከሠላሳ ዓመት በታች ስለሆነ ነው፤ እሱ እኔን «ጋሼ» ይለኛል፣ አንቱ ብሎ ነው የሚያርመኝ። የዚያን ቀን ምን እንደምፈልግ ነገርኩት። ጭንቅላቱን አከከና «ጋሼ፣ ይሄን ስፖርት አላውቀውም» አለኝ። «በባርቤል (በረጅሙ የክብደት ዘንግ) ስናችም ጀርክም (ከደረት ከራስ በላይ መግፋት) ሠርቻለሁ። የኬትልቤሉ ግን ሌላ ነው። አስር ቀን ይስጡኝ። እስከዚያ ወገብዎን ሐኪም ያሳዩ።»

እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ በዚህ አገር «አላውቀውም» የሚል ባለሙያ መቼ ነው ያያችሁት? መካኒኩ «ቀላል ነው!» ኤሌክትሪሺያኑ «ቀላል ነው!» ከዚያ ፍሪጁ ይቃጠላል። እኔ እዚያው ላይ ነው ልቤ የገባው። በአስረኛው ቀን ሐኪም አይቶኝ ስሄድ፣ ባለ 50 ቅጠል ደብተር በሥዕል ሞልቶ ጠበቀኝ፤ ዳሌ እንዲህ፣ ክርን እንዲህ፣ ቀስት እዚህ፣ ቀስት እዚያ። የመጀመሪያውን ወር ክፍያም አልተቀበለኝም። «ራሴ እየተማርኩ እንዴት አስከፍልዎታለሁ?» አለ።

የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አላነሳሁም ማለት ይቻላል። ሁለት ባለ 12 ኪሎ ደረቴ ላይ አስያዘኝና «ይቁሙ» አለኝ። መቆም ብቻ። አቋቋሙ ራክ ይባላል፤ ብረቱ በክንድና በደረት መሃል ይተኛል፣ ክርን የዳሌ አጥንት ላይ ይቀመጣል፣ ጉልበት ቀጥ ይላል። እኔ ለራሴ በደንብ የቆምኩ መስሎኛል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ሌባ ጣቱን በክርኔና በዳሌዬ መሃል ሰደደው። እንደ ልቡ ገባ፣ ወጣ። «አዩ ጋሼ? አጥንትዎ ሥራ ፈትቷል፤ የያዘው ክንድዎ ነው።» በማግስቱም ጣቱ ገባ። በሦስተኛውም። በአራተኛው ቀን ትከሻዬን ለቀቅ፣ ዳሌዬን ወደ ፊት ወጣ ሳደርግ ክርኔ የሆነ ጉድጓድ ያገኘ ያህል ቁጭ አለ። ልጁ ጣቱን ሳበው፣ እምቢ አለው። ሲያወጣው ቀልቶ ነበር። «አሁን ተቀምጧል!» ብሎ ጣቱን እያራገፈ ሳቀ።

ያን ጊዜ እናቴ ትዝ አለችኝ። እንስራ በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ስትወጣ ከጎረቤት ጋር ወሬዋን አታቋርጥም ነበር፤ ክብደቱ የሚያርፈው ወገቧ ላይ ስለነበር ነው። ይህን ለልጁ ብነግረው ወዲያው ፈተና አደረገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራክ ላይ እንደቆምኩ ወሬ ያስወራኛል። «ጤፍ ስንት ገባ ጋሼ?» «መሥሪያ ቤት ምን አዲስ ነገር አለ?» ካቃሰትኩ ወይም በአንድ ቃል ከመለስኩ ገና ነኝ ማለት ነው። የሁሉንም የቢሮ ባልደረቦቼን ጉዳይ እንዲህ ነው የጨረሰው።

ጀርክ ላይ ችግሬ ሌላ ነበር። ጉልበት ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፤ አንዴ ብረቱን ለመግፋት፣ አንዴ ከስሩ ለመግባት። እኔ ሁለተኛውን እየዘለልኩ የቀረውን በክንዴ እገፋ ነበር። አራት ደቂቃ ላይ ክንዴ ይሞታል። ይህን ለማስተካከል ሁለት ወር ፈጅቷል፣ አላሰለቻችሁም።

ስናች ላይ ያለቀው እጄ ነው። መዳፌ ውሃ ይቋጥራል፣ ቀጥሎ ይመለጣል፣ በማግስቱ ቢሮ እስክሪብቶ መያዝ ያቅተኛል። ልጁ ሁለት ሳምንት ብረቱን በፎጣ አስወነጨፈኝ፤ ፎጣ በእጀታው አሳልፎ ሁለቱን ጫፍ ያስጨብጣል። ፎጣውና ክንዴ አንድ መስመር ላይ ከሄዱ ዳሌዬ ሠርቷል። ፎጣው ከተሰበረ ክንዴ ጎትቷል። ከዚያ ወደ ብረቱ ስንመለስ «ሲወርድ አይጨብጡት፣ በጣትዎ ጫፍ ያንጠልጥሉት» አለኝ። ቆዳ የሚቀደደው ብረቱ ሲወርድ እጀታው በመዳፍ ላይ ሲንከባለል ነው። ላይ ሲደርስ ደግሞ እጅ በእጀታው ውስጥ ጠልቆ መግባት አለበት፤ እጀታው ከአውራ ጣት ስር ተነስቶ በሰያፍ እስከ መዳፍ ተረከዝ ይተኛል። መጅ ሲያብጥ መፋቅ ነው። የሚስቴን የተረከዝ መፈግፈጊያ ድንጋይ ወስጄ አልመለስኩም፤ ይህን እዚህ አንብባ እንዳወቀች ትቁጠረው።

አሁን ስለ ብረቱ። የውድድር ኬትልቤል 16ም ሆነ 32 ቁመናው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ውስጡ ነው፣ ስለዚህ ክብደት ስትጨምር አቋቋምህ አይቀየርም። መለያው ቀለሙ ነው፤ 16 ቢጫ፣ 24 አረንጓዴ፣ 32 ቀይ። ባንዲራችን መሆኑን መጀመሪያ ያስተዋለው ልጁ ነው። እኛ ግን ይህን ከየት አምጥተን? ኮምቦልቻ ወስደን አሠራን። በያጁ ወፍራም ቱቦ ቆረጠ፣ ከላይና ከታች ዘጋ፣ ውስጡን በቁርጥራጭ ብረት ጠቀጠቀ። ቅርጹ ኳስ ሳይሆን ጣሳ ሆነ፣ እሱስ ይሁን። እጀታውን ግን ፌሮ በይዶ አመጣልን! የፌሮ ጥርስ ስሚንቶ እንዲይዝ ነው የተሠራው፤ የኔ መዳፍ ስሚንቶ አይደለም። ልጁ ሳይቆጣ መልሶ ወሰደው፣ 35 ሚሊሜትር ልሙጥ ዘንግ በቶርኖ አስወጥቶ አስቀየረ። ከዚያ አንድ ሙሉ ማታ ተቀምጦ ብየዳውን በሞረድ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ አየሁት። አለቀ ብዬ ስነሳ ከኪሱ ጥጥ አወጣና እጀታው ላይ ዙሪያውን አሸ። ሁለት ቦታ የጥጡ ክር ተያዘ። «እዚህና እዚህ ይቀረዋል» ብሎ እንደገና ተቀመጠ። ጥጥ ያልያዘ እጀታ እጅም አይይዝም ነው ነገሩ።

ክብደቱን ያረጋገጥነው እህል ቤት ሚዛን ላይ ነው። 16 ይሆናል ያልነው 17 ኪሎ አለ። የእህል ቤቱ ባለቤት «ይሄማ ፈረሱላ ነው» አሉን፤ የቡናው ፈረሱላ 17 ኪሎ አይደል። ልጁ ተደሰተ፣ «ሩሲያ በፑድ ታንሳ፣ ጋሼ በፈረሱላ ያነሳሉ» አለ። ሳምንት ቆይቶ ግን ክዳኑን ከፍቶ አንድ ኪሎውን ቁርጥራጭ አወጣው። ቀልድና ልክ ይለያያሉ፣ አለኝ።

ትንፋሽ ላይ ደሴ ራሷ ታስቸግራለች። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ናት። አንድ ቅዳሜ ብረቱን ይዘን ወርደን እዚያ ሞከርኩ፣ ደሴ ላይ ስድስት ደቂቃ የሚያቆመኝ ሰባት ተኩል አቆየኝ። ደስ ብሎኝ «ልምምዱን እዚህ እናድርገው» ስለው አልሰማኝም። በደቂቃ 12 ጊዜ ማንሳት፣ ከዚያ በላይ ክልክል፤ ብረቱ ላይ እያለ አንድ ትንፋሽ ጨምሬ እንድወስድ። ጆሮውን ወደኔ አዙሮ ነው የሚያሠለጥነኝ፤ ትንፋሼ ከተቆራረጠ ሳያየኝ «አብሽር ጋሼ፣ ቀስ!» ይላል።

ረመዳንና ሁዳዴ ሲገጣጠሙ እሱ ጾመኛ፣ እኔ ጾመኛ። ሰዓቱን ከተራዊህ በኋላ አዞረው፣ ክብደቱን ወደ 12 መለሰው፣ ወሩን ሙሉ አቋቋም ብቻ ሠራን። ሁልጊዜ በኪሱ ተምር ይዞልኝ ይመጣል።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት 16ቱን ኪሎ አስር ደቂቃ ስናች ሞከርኩ። አምስት በግራ፣ አምስት በቀኝ። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ግድግዳው ሁለት ሆነ። ልጁ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ አንዳንዴ ግን ዝም ይላል። ዝምታው ያልቆጠረልኝ እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። ብረቱን ሳስቀምጥ እኔ በልቤ 118 ይዤ ነበር፣ እሱ 111። «ሰባቱ አልቆሙም ጋሼ፣ ነካ አድርገው ነው የመለሷቸው።» ተናደድኩ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ቪዲዮውን ከፍቶ አሳየኝ። ስድስቱ እውነትም አልቆሙም። ሰባተኛዋ ላይ እስካሁን አልተስማማንም።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ቆጠራው አይሰማም። ብረቱ ጥቂት ስለሆነ ተራ መጠበቅ አለ። ገላ መታጠቢያ የለም። ልጁም አልፎ አልፎ ያረፍዳል። ደረት ለማውጣትና ፎቶ ለመነሳት ከሆነ የምትፈልጉት ሌላ ቤት ይሻላችኋል፤ እሱ ዘንድ መስታወት እንኳ የለም።

ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2፣ ማታ ከ11 ተኩል ጀምሮ ይገኛል፤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው የሚከፍተው። ሴቶችም አሉ፣ በ8 ኪሎ ነው የሚያስጀምራቸው። ፎጣችሁን ያዙ፣ ቀለበትና ሰዓት ቤት ተዉት። ወገቡን የሚያመው ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ አለበለዚያ ከበር ይመልሰዋል። 24ቱን ደግሞ አትጠይቁት፣ እኔም እስካሁን አልተሰጠኝም።