የሺሽኪን «ማለዳ በጥድ ደን»፦ ለግድግዳ የተዘጋጀ የሸራ ህትመት

የሩሲያዊው ሠዓሊ የኢቫን ሺሽኪን «ማለዳ በጥድ ደን» እ.ኤ.አ. በ1889 በዘይት ቀለም የተሠራ፣ 139 በ213 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በሞስኮ ትሬትያኮቭ ቤተ ሥዕል የሚገኝ ሥራ ነው። እኔ የገዛሁት በሸራ ላይ የታተመ 50 በ70 ሴንቲ ሜትር ቅጂ ነው። ሸራው በደንብ የተወጠረ፣ እንጨቱም ጠንካራ በመሆኑ በዕቃነቱ ቅሬታ የለኝም፤ ችግሩ የሚመጣው ሥዕሉን አስተውሎ መመልከት ሲጀመር ነው።

ሥዕሉን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በድቦቹ ነው። ይሁን እንጂ የትርጉሙ መነሻ ከነሥሩ ተነቅሎ ወገቡ ላይ የተሰበረው ግዙፍ ጥድ ይመስለኛል፤ እናቲቱና ሁለቱ ግልገሎች በአንድ ወገን ሆነው ሳለ፣ ሦስተኛው ከስብራቱ ማዶ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ፊቱን ወደ ጭጋጉ አዙሯል። ሌሎቹ ጨዋታ ላይ ናቸው፤ እርሱ ግን ደኑን ያያል፣ እኛም ወደ ሥዕሉ ጥልቀት የምንዘልቀው የእርሱን አቅጣጫ ተከትለን ነው። ይህ እንዲሆን ታዲያ ከበስተጀርባው ያሉት ግንዶች እየራቁ በሄዱ ቁጥር መደብዘዝ፣ የፀሐዩ ወርቃማነትም ከላይ ባሉት ቅርንጫፎች ላይ ብቻ መቅረት ይኖርበታል። በህትመቱ ላይ ቢጫው ወደ ታች ስለወረደ የማለዳው ቅዝቃዜ ጠፍቷል፣ ግልገሉም ጥልቀት በሌለው ቀለም ፊት የተገተረ ሆኗል።

አብሮት የመጣው ማብራሪያ «ሦስቱ ድቦች» ይላል። ይህ በሩሲያም የተለመደ አጠራር ቢሆንም ድቦቹ አራት ናቸው። ድቦቹን የሣለው ኮንስታንቲን ሳቪትስኪ መሆኑን ግን አይጠቅስም፤ ሳቪትስኪ በሸራው ላይ ፈርሞ የነበረ ሲሆን፣ ሥዕሉን የገዛው ፓቬል ትሬትያኮቭ ፊርማውን አስፍቆታል። ሕዝቡ የወደደውን ክፍል የሠራው ሰው ስሙ መቅረቱ (ፍትሐዊ ነው አልልም) ሥዕሉ በመጀመሪያ የደን ሥዕል ሆኖ መታየቱን ያሳያል።

ለልጆች ክፍል ከሆነ ይህ ቅጂ ይበቃል። ሥዕሉን ለማጥናት የሚፈልግ ሰው ግን ወርዱ የቁመቱን አንድ ተኩል ያህል የሆነ፣ ለምሳሌ 60 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ዙሪያውን ነጭ ኅዳግ ያለው የወረቀት ህትመት ቢመርጥ ይሻለዋል፤ የእኔው መጠን ከዋናው ጋር ስለማይመጣጠን ከግራና ከቀኝ ተቆርጧል፣ የቀረውም ጠርዝ በእንጨቱ ጎን ታጥፎ ከእይታ ወጥቷል።