ሴንትሪፉጅ ወይስ ተዋጊ ጄት? ለጠፈር ጉዞ የሚሻለው ልምምድ

ደሴ የማስተምራቸው ልጆች «ቲቸር፣ ጠፈርተኛ ለመሆን በጄት መብረር ይሻላል ወይስ በሴንትሪፉጅ መሽከርከር?» ይሉኛል። ሴንትሪፉጅ ሰውን በረጅም ክንድ ጫፍ ይዞ በፍጥነት የሚያሽከረክር ማሽን ነው። ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ የሐረጎ ጥምዝ ወደ ጎን እንደሚገፋን፣ ሁለቱም ያንኑ ግፊት እጅግ አብዝተው ያመጡታል።

ልዩነቱ አቅጣጫው ላይ ነው። ጄት አጥብቆ ሲታጠፍ ግፊቱ ከራስ ወደ እግር ይወርዳል፤ ደም ከጭንቅላት ይሸሻል። መጀመሪያ ቀለም ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ዓይን ይጨልማል፣ ከዚያ ራስን መሳት ይመጣል። ፓይለቱ የእግርና የሆድ ጡንቻውን ወጥሮ፣ አየር በሚነፋ ሱሪ ታግዞ እስከ 9 ጂ (የምድር ስበት ዘጠኝ እጥፍ) ይቋቋማል።

ሞስኮ አጠገብ ባለው የጋጋሪን ማሰልጠኛ ማዕከል፣ ክንዱ 18 ሜትር በሆነው ሴንትሪፉጅ ግን ሰልጣኙ በጀርባው ይተኛል፤ ግፊቱ ከደረት ወደ ጀርባ ነው። ዓይን ይተርፋል፤ ጭንቁ ትንፋሽ ላይ ነው። በ8 ጂ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 560 ኪሎ ያህል ስለሚከብደው፣ ደረቱን አጠንክሮ በሆዱ ይተነፍሳል። ሶዩዝ በተባለችው የሩሲያ መንኮራኩር የሚጓዝ ሰው የሚገጥመውም ይኸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 አንዷ ሶዩዝ ከታሰበላት በላይ ቁልቁል ወርዳ ስትመለስ ግፊቱ ከ8 ጂ አልፏል።

ስለዚህ ለጠፈር ሴንትሪፉጁን እመርጣለሁ። የጄቱ ጥቅም ሌላ ነው፦ በጭንቅ ሰዓት ቶሎ መወሰንን ያስለምዳል፤ ናሳም ጠፈርተኞቹን ቲ-38 በተባለ የማሰልጠኛ ጄት የሚያበረው ለዚሁ ነው።